ከመቅደላ እስከ ያፋ
የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ቤተሰብ ታሪክ



ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ምክንያት የሆነን አንዲት እናት ያነሡት ጥያቄ ነው። ባለፈው ሰሞን፣ የቀኑ ወበቅ በረድ ሲል እንደ ልማዳችን ተሰብስበን ስንጫወት፣ እኒህ እናት እንዲህ ብለው አጫወቱን። እርሳቸው የጎንደር ሰው ናቸው፤ የልጃቸው አባት ግን ከባሕሩ ማዶ፣ ከየመን የመጣ ሰው ነበር። ልጅቱን ሊያስመዘግቡ ከአንድ ጠረጴዛ ፊት በቀረቡ ጊዜ ጸሐፊው «የአባት ስም? የአባት አገር?» ብሎ ጠየቀ፤ የተነገረውንም ጻፈና መዝገቡን አጠፈ። የእናቲቱን ስም የጠየቀ አልነበረም። «እንግዲህ እኔ ብሞት» አሉን እናቲቱ፣ «ይህች ልጅ የማን ወገን ነኝ ልትል ነው? ሰባት ቤት የምቆጥርላት እኔ አልነበርሁምን?»

ለጥያቄያቸው ወዲያው መልስ ለመስጠት ቸገረን። ጉዳዩ ግን የእርሳቸው ብቻ አይደለም። እዚህ ናጋድ ውስጥ ከአማራና ከሶማሌ፣ ከኦሮሞና ከአፋር፣ ከትግሬና ከዐረብ የተወለዱ ልጆች ብዙ ናቸው። ልጆችም በጨዋታ መካከል ሲጣሉ «ክልስ!» ብለው ሲሰዳደቡ እንሰማለን። ስለዚህ ለእናቲቱም ለልጆቹም ይጠቅም እንደሆን ብለን፣ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ከጎንደር አገር ተነሥቶ በዓለም ላይ የተበተነ የአንድ ክልስ ቤተሰብ ታሪክ እንደሚከተለው አቅርበናል።

፩. ሠዓሊው እና የጎንደር ሴት

እ.ኤ.አ. በ1813 አንሃልት በምትባለው የጀርመን ክፍል የተወለደ ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ሠዓሊ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1847 የዕፀዋት ሊቅ ከነበረው ከዊልሄልም ሺምፐር ጋር ወደ አገራችን ገባና በሰሜንና በትግሬ ገዥ በደጃዝማች ውቤ ዘንድ አገልጋይ ሆነ። ሥዕል ይሥላል፤ ሕንጻ ይሠራል፤ የጦር መሣሪያም ይጠግናል። በዚያ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ፈረንጅ ሁሉ፣ ሙያው አንድ ቢሆን እንኳ፣ መኳንንቱ ዐሥር ሥራ ያሠሩት ነበር። ደጃዝማች ውቤ በሰሜን ደረስጌ ላይ ባሠሩት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራም ዛንደር ተካፋይ እንደነበረ ይነገራል። ውቤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ሊነግሡበት ነበር ይባላል። ነገር ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ሆኑና በአቡነ ሰላማ እጅ የተቀባው ድል አድራጊያቸው ካሣ ኃይሉ፣ ማለት ዓፄ ቴዎድሮስ ሆኑ። ዛንደርም ጌታ ለውጦ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ አገልግሎት ገባ።

ዛንደር ከአንዲት የጎንደር ሴት ጋር ኑሮ መሥርቶ ነበር። ስማቸው በአውሮፓውያን ጽሑፍ የተገኘውን ወደ ፊደላችን ብንመልሰው እሴተ ወርቅ የሚል ይመስላል። የቤተ መንግሥት ወይዘሮና የጦር አለቃ ልጅ እንደነበሩ ይነገራል። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን። ስለ ዛንደር የተወለደበትን ዓመት፣ የመጣበትን ዓመት፣ አብሮት የመጣውን ሰው፣ የሠራቸውን ሥዕሎች እናውቃለን። ስለ እሴተ ወርቅ ግን ያለን አንድ መስመር ነው፤ እርሱም በባዕድ ፊደል ተጽፎ፣ ድምፁ ተጣሞ የደረሰን ነው። የእናቲቱ ጥያቄ በናጋድ ጠረጴዛ ላይ የተጀመረ እንዳይመስለን።

ከእነዚህ ከሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1850 ገደማ አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች። አገሯ ያወጣላት ስም ወለተ ኢየሱስ ነው። ፈረንጆቹ ደግሞ ካታሪና አሏት። ሁለት ስም ይዛ ማደጓ የሚያስገርም አይደለም፤ ዛሬም በመካከላችን ቤት ውስጥ በአንድ ስም፣ በወረቀት ላይ በሌላ ስም የሚጠሩ ልጆች አሉ።

፪. ጋፋት

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ስፍራ አለች። ዓፄ ቴዎድሮስ ከባዝል አጠገብ ከክሪሾና የሚሲዮን ማሠልጠኛ የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች ያሰፈሩት እዚያ ነው። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል እናስተምራለን ብለው ነበር። ንጉሡ ግን መድፍ እንዲያቀልጡላቸው፣ መንገድ እንዲጠርጉላቸውና ለኢትዮጵያውያን ልጆች ሙያ እንዲያስተምሩላቸው ፈለጉ። ከእነርሱም መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ካርል ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ይገኙባቸዋል። ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ከምትገኘው ከክራኮው ከተማ የመጣ፣ በትውልዱ አይሁዳዊ የሆነና በኋላ ክርስትናን የተቀበለ ሞሪትዝ ሆል የሚባል ወጣት መድፍ አቅላጭም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1838 የተወለደው ይህ ሰው ወለተ ኢየሱስን አገባ።

በጋፋት ይህ ጋብቻ ብቸኛ አልነበረም። የዓፄ ቴዎድሮስ የልብ ወዳጅ የነበረው እንግሊዛዊው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል ከኢትዮጵያዊት የወለዳቸው ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ አንደኛዋን ዋልድማየር፣ ሌላዪቱን ዛልሙለር አግብተዋል። ቤል እ.ኤ.አ. በ1860 በጦር ሜዳ ንጉሡን ሲከላከል የሞተ ሰው ነው። እንግዲህ በጋፋት የክልሶች ሰፈር ተመሥርቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ የቤቶቹ እመቤቶች አባታቸው ፈረንጅ፣ እናታቸው ሐበሻ የሆኑ ሴቶች ነበሩ። ባሎቻቸው ከአገሩ ሰውና ከቤተ መንግሥቱ ጋር የተሳሰሩት በእነዚህ ሴቶች በኩል እንደነበር መገመት አያስቸግርም። የባሎቻቸው ማስታወሻ ታተመ፤ የእነርሱ ግን በቃል ተነግሮ በቃል ቀረ።

፫. መቅደላ

ዓፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ማጣቱ፣ ከዚያም ቆንስል ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን መታሰራቸው፣ በመጨረሻም እንግሊዞች በጄኔራል ናፒየር መሪነት መዝመታቸው የታወቀ ስለሆነ በዚህ አናተኩርም። ለጉዳያችን የሚያስፈልገን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ጋፋት ላይ የተሠራው ይህ መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ሰው በገመድ ሲስበው፣ ገደሉ ሲናድለት፣ መንገዱ ሲጠረግለት ወደ 6 ወር ገደማ ፈጀ። ባለሙያዎቹም ከንጉሡ ጋር አብረው ተጓዙ። የሆል ሚስት ወለተ ኢየሱስ መቅደላ ላይ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ሴት ልጅ ስለወለዱ፣ ወሩን ወደ ኋላ ብንቆጥር ያ የመከራ ጉዞ የነፍሰ ጡርነታቸው ጊዜ እንደነበረ እንረዳለን።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ ዓርብ ስቅለት፣ ከመቅደላ በታች አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው አለቀ። ሴባስቶፖልም ያን ያህል የተደከመበት መድፍ ሆኖ ሳለ አልጠቀመም። የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ዓፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ልጅቱም በዚያው ሰሞን፣ በቤተሰቡ አፈ ታሪክ በዚያችው ዕለት ተወለደች። ስሟን መግደሌና አሏት፤ ይህንኑ ከአምባው ስም ጋር የሚያያይዙት አሉ።

ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ምርኮውን ሰብስበው፣ ምሽጉን አቃጥለው፣ መድፍ የተሸከሙ 44 ዝሆኖቻቸውን እየነዱ ወደ ዙላ ወደብ ተመለሱ። በዚያ ጉዞ ላይ 7 ዓመት ያህል የሆነው ልዑል ዓለማየሁ ነበር፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ዐርፈው ጨለቆት ተቀበሩ። በዚያው ጉዞ ላይ የባለሙያዎቹ ሚስቶችና ልጆችም ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ገና አራስ የሆኑት ወለተ ኢየሱስና ሕፃኗ መግደሌና ይገኛሉ። አባታቸው ዛንደርም በዚያው ዓመት ሞተ። የልዑሉን ታሪክ ሁሉም ሰው ያለቅስለታል፤ እውነትም የሚያስለቅስ ነው። ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ አገሯን ለቃ ስትወጣ ማንም ልብ ያላላት የ18 ዓመት ገደማ አራስም እንደነበረች ብናስታውስ ፍርድ አይጓደልም። ከአገራቸው የተሰደዱት በራሳቸው ጥፋት አልነበረም። ባላቸው ፈረንጅ ስለሆነ «ነፃ ወጣችሁ» ተባሉ፤ ነፃነታቸውም ስደት ሆነ።

፬. ያፋ

የዋልድማየር ሚስት፣ የቤል ልጅ፣ ወደ ሊባኖስ ተራራ ሄዱ። ባላቸው እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት አቋቁሟል። የሆል ቤተሰብ ደግሞ በፍልስጥኤም፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ በምትባለው በያፋ ከተማ ተቀመጠ። ከተማዪቱ በዚያን ጊዜ በቱርኮች እጅ ነበረች። ከአሜሪካ የመጡ ሰዎች የተከሏትን አንዲት መንደር በ1869 ጀርመኖች ገዝተው ሰፍረውባት ነበርና የሆል ቤተሰብም ኑሮው በዚያ አካባቢ ሆነ። ሞሪትዝ ሆል እ.ኤ.አ. በ1914 ሞተ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ግን እስከ 1932 ድረስ ኖሩ። ስንቆጥረው አገራቸውን ከለቀቁ 64 ዓመት ይሆናል። የተወለዱባት ምድር ከ18 ዓመት የማይበልጥ ጊዜ ነው ያስተናገደቻቸው። የቀረውን ዕድሜ የኖሩት በስደት ነው።

መግደሌናም አደገች። ያፋ ውስጥ ትልቅ ቤትና የአትክልት ስፍራ የነበረው ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የሚባል የሩሲያ መኳንንት ወገን ነበር። ይህም ሰው ራሱ ስደተኛ ነው፤ የኦርቶዶክስን እምነት ትቶ ፕሮቴስታንት በመሆኑ አገሩን ለቆ የጀርመን ዜግነት ያዘ። መግደሌናን ሲያገባት በ28 ዓመት ይበልጣት ነበር። ቤቱ ሆቴል ሆኖ ያገለግል ስለነበር፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1898 ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ሲመጣ ያደረው እዚያ ነው። በመቅደላ የጦር ጭስ ውስጥ የተወለደችው ሕፃን፣ በ30 ዓመቷ ንጉሠ ነገሥት የሚያድርበት ቤት እመቤት ሆና ተገኘች።

የመጀመሪያ ልጇን እ.ኤ.አ. በ1892 ወለደች፤ ስሙንም ዮና፣ በእኛ አነጋገር ዮናስ አሉት። ነቢዩ ዮናስ ወደ ተርሴስ ለመኮብለል መርከብ የተሳፈረው ከኢዮጴ እንደሆነ አንባቢ ያስታውሳል።

፭. አንድ ዓመት፣ ሁለት ሰዎች

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው።

የወለተ ኢየሱስ ልጅ፣ የመግደሌና ወንድም ዳዊት ሆል፣ ያፋ ተወልዶ ሳለ ወደ እናቱ አገር ተመልሶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አማካሪ ሆኖ ነበር። ሞሶሎኒ ሊወረን ሲዘጋጅ፣ የዓለም መንግሥታትም የጦር መሣሪያ አንሸጥም ባሉ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይህንኑ ሰው በሐምሌ ወር 1935 በምሥጢር ወደ በርሊን ላኩት። ናዚዎች በበኩላቸው ለኢትዮጵያ ፍቅር ኖሯቸው ሳይሆን፣ ሞሶሎኒ በአፍሪካ ተይዞ በኦስትሪያ ጉዳይ እንዳያስቸግራቸው ሲሉ የ3 ሚሊዮን ማርክ የጦር መሣሪያ ብድር ፈቀዱ። የአያቱ ልጅ ባል ለቴዎድሮስ መድፍ እንዳቀለጠ፣ ልጁም ለኃይለ ሥላሴ ጠመንጃ ፈለገ።

በዚያው ዓመት የዳዊት ሆል የእኅት ልጅ ዮና ኡስቲኖቭ ለንደን ባለው የጀርመን ኤምባሲ የጋዜጣ ጉዳይ ሠራተኛ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ተዋግቷል፤ አንድ ወንድሙም በዚያው ጦርነት ለጀርመን ሲዋጋ ሞቷል። ነገር ግን የናዚ መንግሥት «ደምህ ንጹሕ አርያን መሆኑን አስመስክር» አለው። በመቅደላ ከተወለደች እናት የተገኘ፣ ከክራኮው አይሁዳዊና ከጎንደር ሴት የተወለደ ሰው ይህን ማስመስከር አይሆንለትም፤ አላደረገውምም። ሥራውን ለቀቀ፤ እንግሊዛዊ ሆነ፤ ከዚያም የእንግሊዝን የስለላ ድርጅት በጀርመኖች ላይ አገለገለ።

እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ መንግሥት ፊት፣ ያው የወለተ ኢየሱስ ደም ለአጎት መልእክተኛነት ሲሆነው ለእኅት ልጅ ወንጀል ሆነበት። ደሙ አልተለወጠም። የተለወጠው ጠያቂው የሚፈልገው ጉዳይ ነው።

በማግስቱ ዓመት፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በምድር ባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚሁ ወደብ በእንግሊዝ መርከብ ተሳፍረው ሐይፋ ገቡ፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ፣ ከአንድ ንጉሥ ሞት የተነሣ በተሰደዱበት ምድር ሌላውን ንጉሥ በስደት ባዩ ነበር። ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

፮. ሕጉ ምን ይል ነበር?

ጣሊያኖች አገራችንን በያዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937 ባወጡት ሕግ፣ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት እንዲቀጣ ደነገጉ። በግንቦት 1940 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን ልጄ ብሎ እንዳይቀበል፣ ስሙንም እንዳይሰጠው ከለከሉ። ከጦርነቱ በኋላ ሕጉ ቢሻርም፣ በአስመራና በአዲስ አበባ የአባት ስም የሌላቸው ብዙ ልጆች በእናቶቻቸው ጀርባና በሚሲዮን ቤቶች አድገዋል። በአንጻሩ በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ፣ ኋላ ያሉት አንቀጾች የጋብቻውን ጉዳይ የሚያጠብቡት ቢሆንም፣ በመጀመሪያው አንቀጽ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። «ወይም እናቱ» የሚለው ቃል ትንሽ ይመስላል። ለናጋድ እናት ግን ትልቅ ነው።

ይህ መከራ የእኛ ብቻም አልነበረም። በኒው ዚላንድ የማኦሪ ሕዝብ ዘንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1873 ከእንግሊዛዊ አባትና ከማኦሪ እናት የተወለዱ ማከሬቲ ፓፓኩራ የሚባሉ ሴት ነበሩ። መንግሥት ክልሶችን አኗኗራቸውን እያየ ገሚሶቹን ከማኦሪ፣ ገሚሶቹን ከአውሮፓውያን ጋር ይቆጥር በነበረበት ዘመን፣ እርሳቸው ከእናታቸው ወገኖች የዘር ሐረጋቸውን በቃላቸው አጥንተው አደጉ። ኋላም ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የወገናቸውን ታሪክ መጻፍ ጀመሩ፤ በ1930 ሞት ቀደማቸው። መጽሐፉ ግን በ1938 ታተመ። ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ጋር በአንድ ዘመን የኖሩ፣ በሁለት ዓመት ልዩነት ያረፉ ናቸው። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ ማከሬቲ የእናታቸውን ወገን ራሳቸው ጻፉ፤ የእኛዪቱን ግን ሌሎች ጻፉላቸው፣ ያውም በአንድ መስመር።

፯. ወደ ናጋድ እንመለስ

የዮና ልጅ ጴጥሮስ ኡስቲኖቭ እ.ኤ.አ. በ1921 ለንደን ተወለደ። በዓለም የታወቀ የቴአትርና የሲኒማ ሰው ሆነ፤ ሁለት ጊዜ ኦስካር የሚባለውን ሽልማት አገኘ፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ2004 እስኪሞት ድረስ የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆኖ ስለ ሕፃናት ዓለምን ዞረ። «ዩኒሴፍ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሸራ ወይም ጆንያ ያላየ ልጅ በመካከላችን የለም። ያ ሰው የጎንደሯ የእሴተ ወርቅ የልጅ ልጅ ልጅ ልጅ ነበር።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። የልጅ ልጇ ልጅ ዝነኛ ባይሆን ኖሮ የወለተ ኢየሱስን ስም ማን ይፈልገው ነበር? የእርሳቸው ታሪክ የተገኘው ወደ ኋላ ተቈጥሮ ነው፤ ዝነኛው ሰው «አያትህ ማን ናት?» ተብሎ ስለተጠየቀ ነው። አብረዋቸው ከመቅደላ የወረዱት ሌሎች ሴቶች ግን የሚጠየቅላቸው ልጅ ስላልነበራቸው ስማቸው ከዙላ ወደብ ጋር ቀረ። የእኛም እናቶች ዝነኛ ልጅ እስኪወጣላቸው መጠበቅ አለባቸውን? በእኛ በኩል አይገባም እንላለን።

ለጥያቄያቸው እንግዲህ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። እናታችን፤ መዝገቡ የእርስዎ አይደለምና ጸሐፊውን ማዘዝ አይችሉም፤ እኛም አንችልም። ወረቀትና ብዕር ግን አለን። ከሚቀጥለው ዕትም ጀምሮ ከዚህች በእጅ ከምንጽፋት መጽሔታችን አንድ ገጽ ለእናቶች ወገን ክፍት ሆኗል። መጻፍ የሚችል ይጻፍ፤ የማይችል ይንገረንና እኛ እንጽፋለን። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የእናትህ ስም ማን ነው? የእናትህ እናትስ? የየት አገር፣ የየትኛው ደብር ወይም ቀበሌ ሰው ነበሩ? ሰባት ቤት መቁጠር ያቃተው ሁለት ቤት ይቁጠር። ስሙ የተጣመመም ካለ፣ በገዛ ፊደላችን አቅንተን እንጽፈዋለን።

የመጀመሪያውን ገጽ ለመሙላት ሌላ ቦታ መሄድ አላስፈለገንም። ጥያቄውን ያነሡት እናት ትናንት ማታ መጥተው፣ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እስከ አምስት ቤት ቈጠሩልን። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉና «እርሱን ታናሽ እኅቴ ታውቀዋለች፤ አርማጭሆ ናት» አሉ። የስድስተኛውንና የሰባተኛውን ቦታ ባዶ ትተን፣ ከሥሩ መስመር አስምረንበታል። ልጅቱም መስመሩን በጣቷ እያሳየች «ይኼ የማን ነው?» ስትል ጠየቀች። የአንቺ ነው፤ ትሞዪዋለሽ፤ አልናት።

ቸር ይግጠመን።